ከባድ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፦ የፎርሙላ መኪና አነዳድን በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ መፈተሻ ዝርዝር መመሪያ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የወረደ ሰው የመኪናን ባሕርይ በገላው ያውቀዋል። ሹፌሩ የሐረጎን ቁልቁለት ጀምሮ ፍሬን ሲይዝ ደረታችን ወደ ፊት ይሄዳል፤ መሪውን ሲያዞር ትከሻችን ከጎረቤታችን ትከሻ ይጋጠማል፤ ኩርባውን ጨርሶ ነዳጅ ሲሰጥ ጀርባችን ወንበሩ ላይ ይለጠፋል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ እንወርዳለን። ያን ሁሉ ጊዜ ገላችን የሚሰማው አራቱ ጎማዎች ክብደቱን እርስ በርስ ሲቀባበሉት ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ውዬ ደሴ የማድር ሰው ነኝ። ጠዋትና ማታ በዚህ መንገድ እመላለሳለሁ፤ ሌሊት ደግሞ የፎርሙላ መኪና ጨዋታ ፊት እቀመጣለሁ። በፒያሳ አካባቢ ባሉ የጨዋታ ቤቶች ለዓመታት የሰማሁት አንድ አባባል አለ፦ «ይህ ጨዋታ ከባድ ነው፤ ስለዚህ እውነተኛ ነው።» በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ብዙ ጎበዝ ወጣቶች ሦስት ጊዜ ከተሽከረከሩ በኋላ «እውነተኛው መኪና እንዲህ ከሆነ ለእኔ አይሆንም» ብለው ሲተዉት አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። የፎርሙላ ዋን ውድድር ሞናኮን ሳይጨምር ከ305 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ሰው ያን ያህል ርቀት መኪናውን በአቅሙ ጫፍ ላይ ይዞ የሚጨርሰው መኪናው ስለሚነጋገረው ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚከዳ መኪና የሚፈልግ አሽከርካሪ የለም። ስለዚህ የጨዋታው እውነተኛነት የሚለካው በመክበዱ ሳይሆን፣ መኪናው ከእጅ ከመውጣቱ በፊት መናገሩና ስንመልሰው መስማቱ ላይ ነው። ይህን በግምት ሳይሆን በሙከራ ማወቅ ይቻላል፤ መንገዱን አንድ በአንድ እነሆ።

የምንፈትሸው መኪና

ፎርሙላ መኪና የምለው ጎማዎቹ ከአካሉ ውጪ ተጋልጠው የሚታዩትን ባለ አንድ ወንበር የውድድር መኪና ሁሉ ነው፤ ከትንሹ ፎርሙላ ፎርድ እስከ ፎርሙላ ዋን ድረስ። ከቤት መኪና የሚለየው በሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ያውም መሃል ላይ የተሰበሰበ ነው። በደሴ ገበያ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት በትከሻው ተሸክሞ የሚዞር ሰው ያስቡ፤ ለመዞርም ይዘገያል፣ መዞር ከጀመረም ለማቆም ይቸገራል። ያንኑ ክብደት በከረጢት ደረቱ ላይ አቅፎ ቢይዝ ግን እንደ ልቡ ይዞራል። ፎርሙላ መኪና እንደ ሁለተኛው ሰው ነው። መሪውን ሲነኩት ወዲያውኑ ይታዘዛል፤ የኋላው መንሸራተት ሲጀምርም በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። ክንፍ ካለው ደግሞ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር አየሩ ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ይህ ጫና ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የምናደርጋቸው ሙከራዎች ሁሉ ከእነዚህ ነገሮች የሚመነጩ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጨዋታውንና መኪናውን መምረጥ

አብዛኛው ሰው በቀጥታ ወደ ፎርሙላ ዋን መኪና ይሮጣል። እኔ አልመክርም። ወደ 1,000 የፈረስ ጉልበት በሚጠጋ መኪና ላይ ስሕተቱ የእርስዎ ይሁን የጨዋታው መለየት አይችሉም።

ኮምፒውተርዎ አሮጌ፣ ኢንተርኔትዎ ቀርፋፋ ከሆነ ላይቭ ፎር ስፒድን ያውርዱ። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ በነጻ የሚሰጠው የማሳያ ክፍል ውስጥ ፎርሙላ ቢኤምደብልዩ ኤፍቢ02 የሚባል መኪና አለ። እውነተኛው መኪና 140 የፈረስ ጉልበት ያለው ከሞተር ሳይክል የተወሰደ ሞተር ነበረው፤ ክብደቱም ያለ አሽከርካሪው 455 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ትንሽ ክንፍ አለው፤ ጉልበቱ ግን ሰው የሚችለው ነው። ለመማርም ለመፈተሽም ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ሻል ያለ ኮምፒውተር ላለው አሴቶ ኮርሳ ጥሩ ነው። ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ የተባለው የጣሊያን ድርጅት በ2014 ያወጣው ጨዋታ ነው። የምወደው በአንድ ቦታ ሁለት ተቃራኒ መኪናዎችን ስለሚሰጠኝ ነው፦ አንደኛው በ1967 የተሠራው ሎተስ 49፣ ክንፍ የሚባል ነገር የሌለው፤ ሌላው ታቱስ ኤፍኤ01፣ ክንፍ ያለው የጀማሪዎች ፎርሙላ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ መንዳት ብቻውን ትምህርት ቤት ነው። አይሬሲንግ በጥራቱ የተመሰገነ ቢሆንም በየጊዜው ክፍያና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ስለሚጠይቅ ለእኛ አካባቢ የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም። አር ፋክተር 2 እና አውቶሞቢሊስታ 2 ደግሞ በፎርሙላ መኪና የበለጸጉ ናቸው፤ የሚከተሉት ሙከራዎች በሁሉም ላይ ይሠራሉ።

ደረጃ 2፦ መሪውን፣ ስክሪኑንና ረዳቶቹን ማስተካከል

ጨዋታውን ከመውቀስዎ በፊት የእርስዎ በኩል ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጡ። ገበያ ላይ የሚገኙት እንደ ሎጂቴክ ጂ29 ያሉ መሪዎች 900 ዲግሪ ይዞራሉ፤ ይህ የቤት መኪና ልክ ነው። ለፎርሙላ መኪና ወደ 360 ዲግሪ ያውርዱት። ይህን ሳያደርግ «መኪናው አይታዘዝም» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰም መሪው መሃሉን በትክክል ማግኘቱንና የዲግሪው ልክ እንዳልተቀየረ ይመልከቱ።

መሪው በውስጡ ባለው ሞተር ለእጅዎ የሚሰጠው የመልስ ኃይል እስከ ጥግ ከተጨመረ ጥቅም የለውም። ሞተሩ አቅሙ ሲያልቅ ትልቁንም ትንሹንም ግፊት እኩል አድርጎ ያቀርበዋል፤ የጎማው ድምፅ የሚገኘው ደግሞ በትንንሾቹ ልዩነቶች ውስጥ ነው። በፈጣን ኩርባ ውስጥ መሪው ደርቆ ሳይንቀሳቀስ የሚቀር ከመሰለዎ ኃይሉን ይቀንሱ።

መሪ ከሌለዎ አይጨነቁ። ላይቭ ፎር ስፒድ በማውዝ በጥሩ ሁኔታ ይነዳል። ጆይስቲክ ከሆነ በመሃሉ ያለውን የማይሰማ ርቀት እጅግ ትንሽ ያድርጉት፤ ብዙ ጨዋታዎች ግን ለጆይስቲክ መሪውን በራሳቸው እንደሚያለሰልሱት ያስታውሱ። ያን ጊዜ የሚፈትሹት መኪናውን ብቻ ሳይሆን ያንን ረዳትም ጭምር ነው።

የእይታ ስፋት የሚናቅ ነገር አይደለም። የ15.6 ኢንች ላፕቶፕ ስክሪን 34 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሰፋል፤ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተቀመጡ ዓይንዎ በወርዱ የሚያየው 38 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ጨዋታው ከዚህ እጅግ የሰፋ እይታ ከሰጠዎ ፍጥነቱ የተጋነነ፣ ኩርባውም የራቀ ይመስልዎታል። በትንሽ ስክሪን ላይ እስከ ትክክለኛው ልክ ማጥበብ ጎንና ጎንን ስለሚያሳጣ፣ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ጎማዎች እስከሚታዩ ድረስ ብቻ ያጥብቡ። አንዳንዱ ጨዋታ በወርድ አንዳንዱ በቁመት ስለሚቆጥር ቁጥሩን ከማስገባትዎ በፊት ይህን ይለዩ። ጎማዎቹን ማየት የፎርሙላ መኪና ትልቅ ጸጋ ነው፤ ፍሬን ላይ የትኛው ጎማ መዞሩን እንዳቆመ በዓይንዎ ያዩታል።

አሁን ረዳቶቹ፤ ማለትም ጨዋታው ራሱ በነዳ ጊዜ የሚያግዝዎ ቅንብሮች። «ሁሉንም አጥፋ፣ ያኔ እውነተኛ ይሆናል» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። በፎርሙላ ዋን ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ፍሬን ከ1994 ጀምሮ ታግዷል። የኋላ ጎማ በባዶ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠረው መሣሪያ ግን በዚያው ዓመት ታግዶ፣ በ2001 ተፈቅዶ፣ በ2008 እንደገና ታግዷል። ስለዚህ የ2004 ፌራሪ ሲነዱ ይህን ረዳት ማብራት ለታሪኩ ታማኝ መሆን ነው፤ የዛሬውን መኪና ሲነዱ ግን ማጥፋት አለብዎት። መኪናውን በራሱ የሚያረጋጋውን ረዳት በሁሉም ላይ ያጥፉት።

ደረጃ 3፦ የክብ ሙከራ

የምመክረው አንድ ሙከራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ይሆን ነበር። ሰፊ ባዶ ሜዳ ያግኙ፤ ላይቭ ፎር ስፒድ ውስጥ ብላክዉድ በተባለው የውድድር መንገድ ላይ ያለው የመኪና ማቆሚያ ለዚህ ይሆናል። በሁለተኛ ማርሽ ክብ መዞር ይጀምሩ። ክቡን ሳያሰፉ ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። አንድ ቦታ ላይ የፊቱ ጎማ ክቡን መጠበቅ ያቅተውና አፍንጫው ወደ ውጪ መሸሽ ይጀምራል። ከዚያች ነጥብ በትንሹ ዝቅ ብለው ፍጥነቱን ያጽኑትና አንድ ሙሉ ዙር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በስልክዎ ይለኩ።

ከዚያ ይህን ስሌት ይሥሩ፦ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰዓት በ0.178 ያባዙ፤ ውጤቱን ለሰከንዱ ያካፍሉ። የሚያገኙት ቁጥር መኪናው ወደ ጎን የሚቋቋመው ኃይል ሲሆን፣ መለኪያው የመሬት ስበት ነው፤ በአጭሩ ጂ እንበለው። ለምሳሌ በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር እየነዱ ዙሩ 10 ሰከንድ ከፈጀ 1.2 ጂ ነው። የክቡን ስፋት ማወቅ አያስፈልግም፤ ፍጥነቱና ሰከንዱ ይበቃሉ።

ተራ የቤት መኪና ከ1 ጂ በታች ነው። ለስላሳ የውድድር ጎማ የለበሰ ትንሽ ፎርሙላ መኪና በዚህ ዝቅተኛ ፍጥነት ከ1 ጂ ከፍ ማለት አለበት፤ ክንፉ ግን በዚህ ፍጥነት ገና ሥራ አልጀመረም። ጨዋታው በሰዓት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ላይ 2 ጂ ከሰጠዎ ጎማው ከልክ በላይ ተጋኗል። ከ1 ጂ በታች ከሰጠዎም መኪናው በጭቃ ላይ የሚነዳ ያህል ነው፤ «ከባድ ስለሆነ እውነተኛ» የሚባሉት ጨዋታዎች አንዳንዶቹ እዚህ ጋ ይያዛሉ።

ቁጥሩን ከያዙ በኋላ ድንበሩን ይሻገሩ። አፍንጫው መሸሽ ሲጀምር መሪውን ጨምረው ያዙሩ። እውነተኛ ጎማ ጥቂት ዲግሪ ሲንሸራተት ከፍተኛውን ኃይል ይሰጣል፤ ከዚያ ሲያልፍ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ መኪናው ክቡን ቀስ እያለ ማስፋት አለበት። ምንም ሳይከፍሉ መሪውን እስከ ጥግ ቢያዞሩና ክቡ ቢጠብ ጨዋታው እያባበለዎ ነው። በአንድ ዲግሪ ልዩነት መኪናው እንደ በረዶ ቀጥ ብሎ ቢሄድም ጎማው ውስጥ ገደል ተቆፍሯል ማለት ነው፤ እውነተኛ ጎማ ግን ተዳፋት እንጂ ገደል የለውም።

አሁን በክቡ ላይ እያሉ ነዳጁን በኃይል ይርገጡ። የኋላው ይወጣል። መሪውን ወደሚወጣበት አቅጣጫ አዙረው ነዳጁን በግማሽ ይልቀቁ። አሥር ጊዜ ይሞክሩና ስንቱን እንደመለሱ ይቁጠሩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሊመልሱ ይችላሉ፤ እጅዎ ስለዘገየ ነው፤ ይህ መኪና ፈጣን ነው ብያለሁና። በሳምንቱ ሰባት ስምንት መመለስ ከጀመሩ ጨዋታው ሐቀኛ ነው። ከወር ልምምድ በኋላም መሽከርከሩን የሚወስነው ዕድል ብቻ ከመሰለዎ ግን ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ፈጣን መሆንና ድንገተኛ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የፈጣንን ነገር ልምምድ ያሸንፈዋል።

ደረጃ 4፦ መሪው ምን ይላል?

እዚያው ክብ ላይ ዓይንዎን ከስክሪኑ ነቅለው በእጅዎ ብቻ ያዳምጡ። ፍጥነቱ ሲጨምር መሪው ይከብዳል። የፊት ጎማው ጫፉ ላይ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ክብደቱ መቀነስ ይጀምራል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ጎማው መሬት የሚነካበት ሥፍራ ወደ ጎን የሚገፋው ከመሃሉ ኋላ ባለ ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ ግፊቱ መሪውን ወደ ቀጥታ ሊመልሰው ይታገላል። መንሸራተቱ ከዚያ ሥፍራ የኋላ ጫፍ ስለሚጀምር፣ የግፊቱ ነጥብ ወደ መሃል ይጠጋና የመሪው ትግል ይላላል። ጎማው «ልደክም ነው» የሚልበት ቋንቋ ይህ ነው፤ የሚናገረውም ከመድከሙ በፊት ነው።

ጨዋታው ይህን ከሰጠዎ ትልቁን ፈተና አልፏል። መሪው ሙሉ በሙሉ ግን ባዶ መሆን የለበትም፤ የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ዘመም ብሎ ስለሚታሰር የተወሰነ ክብደት ይቀራል። አንዳንድ ጨዋታ በዚህ ፈንታ መሪውን በዘፈቀደ ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጥ የጎማውን ሁኔታ ካልነገረን ጌጥ ነው። በጆይስቲክ ለሚጫወት ደግሞ የጎማው ድምፅ የመሪውን ሥራ ይሠራል፤ ጩኸቱ ከመንሸራተቱ በፊት ቀስ ብሎ ካልጀመረ ምንም የሚነግረው የለም።

ደረጃ 5፦ የፍሬን ሙከራ

ፎርሙላ መኪና ከሌላው የሚለየው ፍሬን ላይ ነው፤ ጨዋታዎችም በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ቀጥታ መንገድ ይምረጡ፤ ፍጥነት የሚያሳየውን ድጋሚ ምስል ይጠቀሙ።

በመጀመሪያ ክንፍ የሌለውን ሎተስ 49 ይውሰዱ። ከ180 ወደ 130 ለመውረድ የፈጀበትን ሰከንድና ከ100 ወደ 50 ለመውረድ የፈጀበትን ያወዳድሩ። ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፤ በላይኛው ፍጥነት አየሩ ትንሽ ይረዳዋልና ጥቂት ቢያጥር ትክክል ነው። ቀጥሎ የፎርሙላ ዋን መኪና ይውሰዱና ከ300 ወደ 200፣ ከዚያም ከ150 ወደ 50 ያወዳድሩ። የመጀመሪያው በግልጽ ማጠር አለበት፤ በ300 ላይ ክንፉ ጎማውን መሬት ላይ ስለሚጭነው ፍሬኑ የሚይዘው ብዙ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ክንፉ ለምስል ብቻ ነው የተሠራው።

ሌላ ቀላል ሙከራ ልጨምር። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ፍሬን ሳይነኩ ነዳጁን ብቻ ይልቀቁ። የፎርሙላ ዋን መኪና ከአየር መቋቋሙ ብቻ ወደ 1 ጂ የሚጠጋ ኃይል ይይዘዋል፤ ይህም በመጀመሪያዋ ሰከንድ ወደ 35 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ መቀነስ ማለት ነው። አንድ የቤት መኪና በድንገተኛ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ሲረግጥ የሚያገኘውን ያህል መሆኑ ነው። ጨዋታው ነዳጅ ሲለቁ እንደ አውቶቡስ ተንሳፍፎ የሚሄድ ከሆነ የአየሩ ሥራ አልገባውም።

ከዚህ አነዳዱ ራሱ ይወለዳል። ኩርባ ሲጠጉ መጀመሪያ ፍሬኑን በሙሉ ኃይልዎ ይርገጡ፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ጫናው ስለሚቀንስ እግርዎን በዚያው ልክ ያላሉ። ብዙ ሰው ከቤት መኪና በለመደው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ መጨረሻ ላይ ይረግጣል፣ ጎማውም ይቆለፋል። ከዚያ «ፍሬኑ እውነተኛ አይደለም» ይላል። ተቆልፎ የተጎተተ ጎማ በአንድ ወገኑ ይጠረብና በየዙሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ጨዋታው ይህንን ካሳየ ደስ ይበልዎ።

በመጨረሻም የፍሬን ክፍፍሉን ይንኩት። ከፊት ወደ ኋላ ጥቂት በመቶ ሲያዛውሩ መኪናው ፍሬን ላይ ጅራቱን ማወዛወዝ መጀመር አለበት፤ ወደ ፊት ሲመልሱት የፊቱ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ። ይህን ለውጥ ያለ መሪም ቢሆን ማንም ሰው ይሰማዋል።

ደረጃ 6፦ በኩርባ መሃል ነዳጅ መልቀቅ

ሐረጎ ላይ ልምድ ያለው ሹፌር ከኩርባው በፊት ማርሹን አውርዶ በማርሽ ይዞ ይገባል እንጂ መሃሉ ላይ ድንገት አይረብሸውም። ምክንያቱን ጨዋታው ላይ ማየት ይቻላል፤ በእውነተኛው መንገድ ላይ ግን ማንም እንዳይሞክረው እለምናለሁ፤ የሰው ሕይወት የሚያልፍበት መንገድ ነው።

በክቡ ላይ ከጫፍ ትንሽ ዝቅ ብለው እየዞሩ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ይልቀቁ። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊት ጎማ ይበረታል፣ የኋላው ይቀላል፤ አፍንጫው ወደ ክቡ ውስጥ ይገባል። በኃይለኛ መኪና ጅራቱ ሊወጣም ይችላል። ነዳጁን ቀስ አድርገው ሲለቁ ደግሞ መኪናው በትንሹ ብቻ ክቡን ያጠባል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ከሌለ ጨዋታው ክብደትን አያሸጋግርም። ነዳጅ ሲለቁ ክቡ የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ ከመሠረቱ የተገለበጠ ነው።

ደረጃ 7፦ የክንፍ ሙከራ

አንድ ዝግ ያለና አንድ ፈጣን ኩርባ ያለበት መንገድ ይምረጡ። የኋላውን ክንፍ ብቻ በብዙ ይጨምሩ፤ ሌላ ምንም አይንኩ። ዝግ ባለው ኩርባ መኪናው እንደ ቀድሞው መሆን አለበት። በፈጣኑ ላይ ግን ጅራቱ ይተከልና አፍንጫው እምቢ ይላል፤ በቀጥታው መንገድም ከፍተኛው ፍጥነት ይወርዳል። ለውጡ በሁለቱም ኩርባ እኩል ከተሰማ ጨዋታው ክንፉን «መያዣ መጨመሪያ» አድርጎ ነው የቆጠረው፤ ይህ ስሕተት ነው።

ሌላው የመኪናው ማስተካከያ ሁሉ እንደዚሁ አንድ በአንድ ይፈተሻል፤ የፊቱን ሞላ ማጠንከር አፍንጫውን ሰነፍ ያደርጋል፣ የኋላውን ማጠንከር ጅራቱን ያስቸኩላል። የጎማ ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ከጋራዥ የወጣ ቀዝቃዛ ጎማ በመጀመሪያው ዙር መንሸራተት፣ ከዚያ መያዝ፣ ከልክ በላይ ሲግልም እንደገና መላላት አለበት።

ደረጃ 8፦ ከሌላ መኪና ጋር

ፈጣን ኩርባ ውስጥ ሌላ ፎርሙላ መኪና በቅርብ ይከተሉ። የፊተኛው መኪና አየሩን ስለበጠበጠው የእርስዎ የፊት ክንፍ ሥራው ይቀንሳል፤ ብቻዎን ሲሆኑ የሚታዘዘው አፍንጫ አሁን ወደ ውጪ ይሸሻል። በቀጥታው መንገድ ግን በዚያው መኪና ጀርባ ፍጥነት ያገኛሉ። አንዱ ጥቅም ብቻ ያለበት ጨዋታ ግማሹን ነው የነገረዎ።

ጎማ ለጎማ መነካካትም አለ። የሚሽከረከር ጎማ የኋላ ፊቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የፊት ፊቱ ወደ ታች ይወርዳል። ተከታዩ መኪና የፊት ጎማውን ከቀደመው መኪና የኋላ ጎማ ጀርባ ካስነካ ወደ ላይ ይወረወራል። ለዚህ ነው በፎርሙላ ውድድር መነካካት የሚፈራው። ጨዋታው ሁለት መኪናዎችን እንደ ኳስ ብቻ የሚያነጥር ከሆነ እንደ ሚኒባስ ነው የቆጠራቸው፤ ከእርሱ ጋር የሚለማመድ ሰውም መጥፎ ልማድ ይዞ ይወጣል።

ደረጃ 9፦ የከፍታው ሙከራ

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ለእኛ የቀረበ ስለሆነ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት የአየሩ ጥቅጥቅነት ከባሕር ወለል 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 83 በመቶ ታገኛለች። ተርቦ (አየርን አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው አሮጌ መኪና ዳገቱን ወደ ደሴ ሲወጣ ጉልበቱ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክንፍም የሚሠራው በዚያው አየር ስለሆነ ጫናውም የአየር መቋቋሙም በተመሳሳይ መጠን ይቀንሳል።

በፎርሙላ ዋን ለዚህ የሚቀርበው የሜክሲኮ ሲቲ መንገድ ነው፤ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከደሴ ግን ዝቅ ይላል። ቡድኖች እዚያ ሲሄዱ ዝግ እንዳለው የሞናኮ መንገድ ትልቁን ክንፍ ያስራሉ፤ የሚያገኙት ጫና ግን ትንሹን ክንፍ አስረው በፈጣኑ የሞንዛ መንገድ ከሚያገኙት ጋር ይቀራረባል። ተርቦው በበለጠ ፍጥነት ስለሚሽከረከር የሞተሩ ጉልበት ብዙ አይጎዳም፤ ስለዚህ ትልቅ ክንፍ ታስሮም በቀጥታው መንገድ ከፍተኛ ፍጥነት ይታያል።

ስለዚህ አንዱን መኪና፣ አንዱን ክንፍ፣ አንዱን የነዳጅ መጠን ይዘው በመጀመሪያ ባሕር ወለል አጠገብ ባለ መንገድ፣ ቀጥሎ በሜክሲኮ ይንዱ። ሜክሲኮ ላይ በቀጥታው መንገድ ፍጥነቱ ከፍ ማለት፣ ነዳጁን ብቻ ሲለቁ የሚይዝዎ ኃይል መላላት፣ ፍሬን የሚይዙበትም ቦታ ቀደም ማለት አለበት። ከ300 ወደ 200 የመውረጃውን ሰከንድ በሁለቱም መንገዶች ለኩና አጠገብ ለአጠገብ ጻፉት። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ ያ ጨዋታ የሜክሲኮን ሥዕል ወስዷል፤ አየሩን ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ትቶታል።